ዕቃው ሞጆ ገብቷል፣ ቲ ዋኑ ግን አልተዘጋም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ከአዳማ ነው የምጽፍልዎ። አንድ ተሳቢ መኪና አለችኝ፣ ከጅቡቲ ኮንቴይነር ጭና ሞጆ ደረቅ ወደብ አራግፋለች፣ ሹፌሩም የርክክብ ወረቀቱን ይዞ መጥቷል። አሁን ግን ጭነቱን የሰጠኝ ድርጅት ቲ ዋኑ (የጉምሩክ ትራንዚት ሰነዱ) ስላልተዘጋ ቀሪውን አንከፍልም አለኝ፣ የሲሉ (የኮንቴይነሩ ማሸጊያ) ቁጥርም በአንድ ዲጂት ይለያል ይላሉ። ዕቃው ከገባ እኔ ምን አገባኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ የዕቃው መግባትና የቲ ዋኑ መዘጋት ለየቅል ናቸው፣ ብዙ ባለመኪና የሚቸገረው እዚህ ጋ ነው። ጅቡቲ የወረደ ዕቃ በጋላፊ ገብቶ ሞጆ እስኪደርስ ድረስ ቀረጥ አልተከፈለበትም፣ በዋስትና ነው የሚጓዘው፣ እና ታርጋው፣ የኮንቴይነሩ ቁጥር፣ ሲሉ፣ መድረሻ ጣቢያው ሁሉ ቲ ዋኑ ላይ አለ። ሞጆ ያለው የጉምሩክ ሰራተኛ ሲስተም ላይ መድረሱን ካላጸደቀ ኮንቴይነርሽ እንደነሱ መዝገብ ገና መንገድ ላይ ነው ማለት ነው፣ እንደዛው ከቆየ ደግሞ ቀረጡ የሚጠየቀው ዋስ የሆነው ነው። ድርጅቱ የፈራው ይሄንን ይመስለኛል፣ (እስከመቼ ገንዘብ እንደሚይዝ ውል ላይ አለመጻፉ ግን ልክ አይደለም)።

አስመጪው ቀረጥ ከፍሎ ዕቃውን እስኪያወጣ ጠብቂ ካሉሽ እሺ እንዳትዪ፣ የሱ ዲክላራሲዮን (ቀረጥ ለመክፈል ለጉምሩክ የሚያቀርበው ሰነድ) ሌላ ጉዳይ ነው፣ ትራንዚቱ ዕቃው መድረሻ ጣቢያ ቀርቦ ሲረጋገጥ ያልቃል።

ወደ ሲሉ ስንመጣ፣ መጀመሪያ ቢል ኦፍ ሌዲንጉን (የመርከብ ጭነት ሰነዱን)፣ ቲ ዋኑንና የርክክብ ወረቀቱን ጎን ለጎን አድርጊና እዪ። አንዳንዴ የመርከብ ድርጅቱ ሲልና የጉምሩኩ ሲል ይምታታሉ፣ አንዳንዴም ሲጻፍ የተሳሳተ ነው። ሲሉ ሳይነካ የደረሰ ከሆነና ስህተቱ የጽሁፍ ብቻ ከሆነ ትራንዚተሩ (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚው) ማስረጃ አያይዞ ማስተካከያ ይጠይቃል፣ አንቺ ወይ ሹፌሩ ሞጆ በር ላይ ብትመላለሱ ትርፉ ድካም ነው። የቱ ትራንዚተር ካልሽ፣ ጭነቱ መልቲሞዳል ከሆነ (ከባህር ማዶ እስከ ደረቅ ወደብ አንድ አጓጓዥ ኃላፊ የሆነበት) የዛ አጓጓዥ፣ ለምሳሌ የባህር ትራንስፖርት፣ ወገን ነው፣ ዩኒሞዳል ከሆነ (ከጅቡቲ በኋላ ያለውን አስመጪው ራሱ የሚያስጓጉዝበት) አስመጪው የወከለው። መንገድ ላይ ኬላ ተፈትሾ ሲል ተቀይሮ ከሆነ ግን የፈተሸው ጣቢያ የጻፈው ነገር መኖር አለበት፣ ሹፌሩን ቁጭ አድርገሽ ጠይቂው፣ ምክንያቱም ያለ ወረቀት የተቀየረ ሲል ከኮንትሮባንድ ጋር ነው የሚያያዘው፣ መኪናሽም ልትያዝ ትችላለች።

ለሚቀጥለው ጭነት ሹፌሩ ከወደብ ሳይወጣ የሲሉን ቁጥር ከቲ ዋኑ ጋር ያመሳክር፣ ካልገጠመ እዛው ያስተካክል፣ ፎቶም ያንሳ፣ ሲሉና የኮንቴይነሩ ቁጥር አንድ ላይ የሚታዩበት ይሁን።