ለነሐሴ ያስቀመጣችሁት በቆሎ እንዳይነቅዝ

«የእድሩ ሴቶች በጥር ያዋጣነው በቆሎ በነሐሴ ለችግረኛ ሳይደርስ ይነቅዛል» ላልሽው፣ መፍትሔው ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት ነው፤ ከውስጥ ሁለት ፕላስቲክ፣ ከውጭ ማዳበሪያ። አየር ስለማያስገባ ነቀዙ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርስና ይሞታል።

መጀመሪያ ግን ድርቀቱን ፈትሹ። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ እስከ ሲሶው በቆሎ፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምራችሁ አንድ ደቂቃ ነቅንቁ፤ ሩብ ሰዓት አስቀምጡት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እህሉ እርጥብ ነውና መልሳችሁ ሸራ ላይ አስጡት። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ጣና ዳር የጠዋቱ ጤዛ ያታልላል፤ እርጥብ እህል ከታሸገ ይሻግታል።

ከዚያ፦
1. ፕላስቲኮቹን በአየር ነፍታችሁ ቀዳዳ ፈልጉ።
2. እየጠቀጠቃችሁ ሙሉ፤ ከላይ የቀረውን አየር ጨምቃችሁ አውጡ።
3. እያንዳንዱን ሽፋን ለየብቻ ጠምዝዛችሁ፣ አጥፋችሁ እሰሩ።
4. ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ አርቃችሁ አስቀምጡ። አይጥ ከቀደደው ልፋቱ ከንቱ ነው።

በየጊዜው አትክፈቱት፤ አንዱ ከረጢት ሳያልቅ ሌላው አይፈታ።

አንድ ነገር አደራ፦ ሰው በሚያድርበት ቤት የነቀዝ ክኒን እንዳትጠቀሙ። የሚያወጣው ጋዝ የተኙ ልጆችን ይገድላል።