ዲስኩን አታጽጂው፣ ፍላሹን በሌላው መንገድ አስነሺው

ቢቸና ላይ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ያላት አንዲት እኅት እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የሱቄ ዴስክቶፕ ሲ ሞልቶ ቀይ ከሆነ ሰነበተ። ሲ 48 ጊጋ፣ ዲ 417 ጊጋ ነው። ማሽኑ እየተንቀራፈፈም ቢሆን ይነሣል። ዊንዶውስ 10 እንደገና ልጫንበት ብዬ በፍላሽ ስጀምር ዲስኩ ኤምቢአር ስለሆነ መጫን አይቻልም ይለኛል። እዚህ የሚሠራ አንድ ልጅ ዲስኩ በሙሉ ካልጸዳ አይሆንም አለኝ። ዲ ላይ የስምንት ዓመት የደንበኛ ሥራ አለ። ሲንም ባሰፋው ደስ ይለኝ ነበር። ምን ላድርግ?»

እኅቴ፣ ለጊዜው ያ ልጅ ማሽኑን እንዳይነካብሽ። ዲስክሽ ምንም አልሆነም። ከምልክቱ የጠረጠርኩት ፍላሹ የተነሣበትን መንገድ ነው። ማሽኑ ሲነሣ ከየትኛው ዕቃ ይነሣ የሚባልበት ቡት ሜኑ ውስጥ ግቢና (ብዙዎቹ ላይ ቁልፉ ኤፍ 9፣ ኤፍ 11 ወይም ኤፍ 12 ነው) ዝርዝሩን እዪ። ፍላሽሽ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ታገኚው ይሆናል፤ አንዱ ፊቱ ላይ ዩኢኤፍአይ ይላል፣ አዲሱ የማስነሻ መንገድ ነው፤ ሌላው ባዶ ስሙን ነው፣ እሱ ሌጋሲ የሚባለው የድሮው መንገድ ነው። እስካሁን ሲነሣልሽ የነበረው በመጀመሪያው ነው። ሁለተኛውን ምረጪና ያ መልእክት ይቀራል። አንዴ ብቻ ተጽፎ ካየሽው ባዮስ (የማሽኑ የመነሻ ቅንብር) ገብተሽ ሌጋሲ ወይም ሲኤስኤም የሚለውን፣ የድሮውን መንገድ ማለት ነው፣ ክፈቺ። እሱም ካልሆነ ፍላሹን ሩፈስ በሚባለው የፍላሽ ማዘጋጃ ፕሮግራም እንደገና ሥሪው፤ ፓርቲሽን ስኪም የሚለው ላይ ኤምቢአር ብለሽ።

ይህን ሁሉ ከማድረግሽ በፊት ግን ዲ ላይ ያለውን ወደ ኤክስተርናል (ከውጭ ወደሚሰካ ዲስክ) ገልብጪ። ሳትገልብጪ ምንም አትንኪ። ዴስክቶፕ ላይና ዳውንሎድ ውስጥ ያለው ሲ ላይ እንደሆነም አትርሺ፤ ሰው ሁሉ የሚያለቅሰው በእሱ ነው። የፓወር ግዕዝ ፎንቶችሽንም ከዊንዶውስ ፎንት ፎልደር አውጪያቸው፤ ያለ እነሱ የድሮ ደብዳቤዎችሽ ሲከፈቱ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ነው የሚሆኑት። ገልብጠሽ ስትጨርሺ አምስት ስድስት ፋይል ከኤክስተርናሉ ላይ በሌላ ማሽን ክፈቺ። ይህን የምለው በምክንያት ነው፦ አንድ ደንበኛዬ በርካሽ የገዛውን «2 ቴራ» ኤክስተርናል ይዞልኝ መጣ፤ የፎቶዎቹ ስም ሁሉ ይታያል፣ አንዱም አይከፈትም። ብፈታው ውስጡ የጣት ጥፍር የምታህል የፍላሽ ሰሌዳና ክብደት እንዲሰጠው በሙጫ የተለጠፈ ብረት ነው። ስትገለብጪ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ እያለ ከቆመ ደግሞ አቁሚና አምጪልኝ፤ ያ ሌላ በሽታ ነው።

ልጁ ለምን አጽጂው እንዳለሽ ልንገርሽ፤ ይህን ማስረዳት ስለምወድ ታገሺኝ። ሃርድ ዲስክን እንደ ማሳ እዪው። ፓርቲሽን የምንለው መሬቱ ላይ የታጠረ አጥር ሳይሆን ደብተር ላይ የሰፈረ ወሰን ነው፤ ይህ ይዞታ ከዚህ ይጀምራል፣ ይህን ያህል ይሄዳል የሚል። ኤምቢአር የድሮው ደብተር ነው። ዲስኩ መጀመሪያ ላይ ያለች 512 ባይት ቦታ ናት፤ 446ቱ ማሽኑን ለሚያስነሣው ኮድ፣ 2ቱ ለማኅተም፣ ለወሰን የቀረው 64 ባይት ብቻ። አንድ ይዞታ 16 ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ ከአራት መስመር በላይ አትችልም። ከ2 ቴራ በላይ የሆነ መሬትም አትለካም። ጂፒቲ አዲሱ ደብተር ነው፤ 128 መስመር አለው፣ ግልባጩም ዲስኩ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። እንግዲህ በዩኢኤፍአይ የተነሣ የዊንዶውስ ጫኝ አዲሱን ደብተር ካላመጣችሁ አላስተናግድም የሚል ጸሐፊ ነው፤ በሌጋሲ የተነሣው የድሮውን ያነባል። ልጁ ጸሐፊውን መቀየር ሲችል ደብተሩን እንቅደደው አለሽ። ዲስክፓርት በሚባለው የዊንዶውስ የዲስክ መሣሪያ ላይ ክሊን የሚባለው ትእዛዝ ይኸው ነው፦ ጤፉን፣ ማለትም ፋይሎችሽን፣ አያጭድም፣ ደብተሩን ይቀድዳል። ጤፉ እዚያው ቆሞ ባለቤት ያጣል፤ የሚጠፋው አዲሱ ዊንዶውስ በላዩ ሲዘራ ነው። በስሕተት ክሊን ያደረገ ሰው ካለ ምንም ሳይጭን ማሽኑን ያጥፋ፤ አብዛኛው ይገኛል። ክሊን ኦል ግን ማሳውን ማቃጠል ነው፤ እሱ ላይ እኔም አልደርስ።

ወደ ሥራው። ኤክስተርናሉን ንቀዪ፤ ዝርዝሩ ውስጥ ገብቶ እንዳያሳስትሽ። በሌጋሲ ስትገቢ ጫኙ ሲ እና ዲ ብሎ አያሳይሽም፣ የምትለዪው በመጠን ነው። አስቀድመሽ ወረቀት ላይ ጻፊው። 417ቱን አትንኪ፣ ሲስተም ሪዘርቭድ የሚለውን ትንሹንም ተዪው። 48ቱን ምረጪና ፎርማት በዪ። ዲሊት አላልኩም። ከዚያ ኔክስት።

ሲን ስለማስፋቱ፦ ለሲ 48 ጊጋ ቆርሶ የሰጠሽ ሰው ምን እንዳሰበ እንጃ፤ እንዲህ ያለው ሥራ በየሳምንቱ ይመጣልኛል። ችግሩ ዲን ሽሪንክ ብታደርጊው (ብታጠቢው) የሚለቀቀው መሬት ከዲ ወዲያኛው ጫፍ ነው፤ ሲ ደግሞ ወዲህ ነው ያለው። ወሰንተኛ ስላልሆኑ ኤክስቴንድ የሚለው ማስፊያ ደብዝዞ ይቀራል። ዲን ገፍተው የሚያንቀሳቅሱ ፕሮግራሞች አሉ፤ ሰዓታት ይፈጃሉ፣ መሀል ላይ መብራት ከሄደ ግን ዲ ከሁለት ይከፈላል። የኛን መብራት ታውቂዋለሽ። አልመክርሽም።

ይልቅ ዴስክቶፕን፣ ዶኩመንትንና ዳውንሎድን ወደ ዲ አዙሪያቸው፤ ፎልደሩ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሎኬሽን፣ ሙቭ። 48 ጊጋ ለዊንዶውስ 10 ጠባብ ነው እንጂ አይገድልም። ገንዘብ ሲገኝ ስሙ የሚታወቅ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ዓይነት ዲስክ) ግዢ፣ ዊንዶውሱን እዚያ ጫኚ፣ አሮጌው ዲስክ የፋይል ማስቀመጫ ይሁን። በምትጭኚበት ቀን ግን የአሮጌውን ዲስክ ገመድ ከማዘርቦርዱ ንቀዪው። ሁለቱ አብረው ካሉ ዊንዶውስ ማስነሻውን አሮጌው ላይ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ነገ አሮጌውን ስታወጪው አዲሱ አይነሣም። የተነቀለ ዲስክንም ማንም በስሕተት ፎርማት አያደርገውም።

ዊንዶውሱ ከገባ በኋላ ፎንቶቹን መልሰሽ አንድ የቆየ ደብዳቤ ክፈቺ። ኤክስተርናሉ ላይ ያለውን ግልባጭ ቢያንስ አንድ ወር ሳትሠሪበት እንዳታጠፊው።