ሳሙናው ለምን ይረጋል? ለምንስ ይቀጥናል?

አንዲት እህት ከደሴ እንዲህ ስትል ጠይቃለች፦ «ፈሳሽ ሳሙና በቤቴ እያዘጋጀሁ እሸጣለሁ። በባልዲ ያለ 2 ኪሎ ቴክሳፖን (የፈሳሽ ሳሙና ዋና ኬሚካል) ላይ 2 ሊትር ውሃ ጨመርኩ። ይቀጥናል ስል ይባስ እንደ ጄሊ ረጋ። በስንት ድካም አሟምቼ 20 ሊትር ካደረስኩት በኋላ 1 ኪሎ ጨው ጨመርኩ። መጀመሪያ ወፈረ፤ ጨዉ ሲያልቅ ግን እንደ ውሃ ቀጠነ። ልድፋው?»

እህቴ፣ እንዳትደፊው! ገንዘብሽ እዚያው ባልዲ ውስጥ አለ።

ከመርጋቱ እንጀምር። ሊጥ የሚመስለው ቴክሳፖን አብዛኛውን ጊዜ 70 በመቶው የሳሙና ኬሚካል ነው፤ ዕቃው ላይ የተጻፈውን አረጋግጪ። በዚህ መጠን ቅንጣቶቹ እንደ ወረቀት ተደራርበው፣ አንዱ ንብርብር በሌላው ላይ ስለሚንሸራተት፣ ወፍራም ቢሆንም ይፈስሳል። ውሃ ሲገባበትና መጠኑ ከ60 እስከ 30 በመቶ ገደማ ሲሆን ግን ቅንጣቶቹ ረጃጅም ዘንግ ይሠሩና እንደ ማገዶ እስር ይታጨቃሉ። በሙያው ቋንቋ ሁለቱም አደራደሮች ሊዮትሮፒክ ፈሳሽ ክሪስታል (እንደ ውሃው መጠን አደራደሩ የሚለዋወጥ፣ በፈሳሽና በጠጣር መካከል ያለ ነገር) ይባላሉ፤ እስሩ ግን አይንቀሳቀስም። አንቺ 2 ኪሎው ላይ 2 ሊትር ስትጨምሪ የደረስሽው 35 በመቶ ላይ ነው፤ ልክ እስሩ መሃል! ኬሚካሉ አልተበላሸም፤ የምታልፊበት መንገድ ነው ያስቸገረሽ።

ስለዚህ ሁልጊዜ ውሃውን አስቀድሚ። 16 ሊትር ያህል ውሃ በሰፊ በርሜል አድርገሽ ቴክሳፖኑን በትንሽ በትንሹ እየቆራረስሽ ጨምሪበት፤ ከዚያ ክደኚውና እስከ ነገ ተዪው። ሌሊቱን ውሃው ራሱ ሰርስሮ ይገባል። በጠዋት በዝግታ ብታማስዪው ይበቃል። በኃይል ከመታሽው አረፋ ይሆንና ውፍረቱን መለየት ያቅትሻል። ለብ ያለ ውሃ ጊዜ ያሳጥራል፤ የፈላ ግን አያስፈልግም።

አሁን ወደ ጨው። በቀጭኑ ሳሙና ውስጥ ቅንጣቶቹ ተሰባስበው ትናንሽ ድብልብል ኳሶች ይሠራሉ። የእያንዳንዱ ቅንጣት አንድ ጫፍ (ጭንቅላቱ) ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ጨው ያንን መገፋፋት ያበርደዋል፤ ኳሶቹም እየረዘሙ እንደ ክር ይጠላለፋሉ፤ ሳሙናው ይወፍራል። ከልክ ሲያልፍ ግን ክሮቹ ጠባያቸውን ይለውጡና ጥልፍልፉ ይላላል። ጫፍ ያለው ተራራ ነው፤ አንቺ ጫፉን አልፈሽ በማዶ ወርደሻል። ጫፉ የት እንደሆነ የሚወስነው የራስሽ ቅመም ነው፤ ሰልፎኒክ አሲድም (ሌላው የሳሙና ኬሚካል) ሆነ ሽቶ ቦታውን ያዛውሩታል። የጎረቤትሽን የጨው ልክ እንዳለ አትውሰጂ።

ማለፍሽን ለማረጋገጥ በሁለት ብርጭቆ 100፣ 100 ግራም ቅጂ። አንዱ ላይ ጥቂት ንጹሕ ውሃ፣ ሌላው ላይ ጥቂት የጨው ውሃ ጨምሪ። ውሃ የገባበት ከወፈረ ጨው በዝቷል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ደፍረስ ማለቱም ይህንኑ ይጠቁማል።

ማስተካከያው እንዲህ ነው፦ ሌላ 2 ኪሎ ቴክሳፖን በ18 ሊትር ውሃ ያለ ጨው አዘጋጂ። ከቀጠነው 100 ግራም እየቀዳሽ በአንዱ 20፣ በሌላው 40፣ በሦስተኛው 60፣ በአራተኛው 100 ግራም ከአዲሱ ቀላቅዪ። የወደድሽው ውፍረት የመጣበትን ልክ በበርሜሉ ድገሚው። ውሃ ብቻ ብትጨምሪም ይወፍር ይሆናል፤ ነገር ግን የማጽዳት ኃይሉ ስለሚቀንስ ለሚገዛሽ ሰው አልመክረውም።

ለሚቀጥለው ጊዜ ጨዉን ደረቁን አትበትኚ። በውሃ አሟሚና በጭልፋ እየለካሽ፣ በየመሃሉ እያማሰልሽ ጨምሪ፤ የገባውንም በደብተር ጻፊ። ሲትሪክ አሲድ (የሳሙናውን የአሲድነት ልክ ማስተካከያ) እና ሽቶ የምትጨምሪ ከሆነ ከጨው በፊት ይግቡ፤ ጨው የመጨረሻው ይሁን። ሳሙናው ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፤ ስለዚህ ወደ ጀሪካን ከመገልበጥሽ በፊት አሳድሪውና አረፋው ከወረደ በኋላ ውፍረቱን እንደገና እዪው።