ፈዝ ፔዳልህ ሲከፈት ጭጭ ካለ ዕቃ ከመቀየርህ በፊት ድምፁ የት ጋ እንደቀረ ፈልግ

ወንድሜ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ባለ ሁለት ትራንዚስተር ፈዝ (የጊታርን ድምፅ የሚያሻክር በእግር የሚረገጥ ፔዳል) ሰርተሃል፣ ፔዳሉ ሲጠፋ ጊታሩ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ስትረግጠው ትንሿ መብራት ትበራለች ግን ድምፁ ጭጭ፣ እና አሁን ትራንዚስተሮቹንም ካፓሲተሮቹንም ነቅለህ በአዲስ ልትቀይር ነው። በናትህ እንዳትነቅል! እኔ የመጀመሪያዬ ላይ ያደረግኩት እሱን ነበር፣ እዚህ ባህር ዳር ዕቃው እንደልብ ስለማይገኝ ከአዲስ አበባ በሰው አስልኬ፣ ሳምንት ጠብቄ፣ ሁሉንም ቀይሬ ስጨርስ ያው ጭጭ፣ ጭራሽ ከሙቀቱ ብዛት የቬሮቦርዱ (ዕቃው የሚበየድበት ባለ መዳብ መስመር ሰሌዳ) መዳብ ተልጦ ተነሳና አንድ የነበረው ችግር ሶስት ሆነ። ለካ መጀመሪያም የሞተ ዕቃ አልነበረም፣ አንዷን የካፓሲተር እግር ሊዱ (ቀልጦ የሚያያይዘው ብረት) ሳይዛት ቀርቶ ነው።

አንተ ከነገርከን ብቻ ብዙ ነገር ይታወቃል እኮ። ሲጠፋ ድምፅ ካለ ገመዶችህም አምፑም (ድምፅ ማጉያው) ጃኮቹም (ገመዱ የሚሰካባቸው) ቢያንስ ያን ጊዜ ደህና ናቸው ማለት ነው። መብራቷ ግን እንዳታታልልህ፣ እሷ የራሷ ሽቦ ስላላት የባትሪ ድንጋዩ መኖሩን ነው የምትነግርህ እንጂ ሰሌዳው ላይ 9 ቮልት መድረሱን አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ ቴስተሩን (ቮልት መለኪያውን) ዲሲ 20 ላይ አድርገህ ጥቁሩን ግራውንድ (የጋራው የኔጌቲቭ መስመር) ላይ፣ ቀዩን የፕላሱ መስመር ሰሌዳው ላይ ከሚገባበት ቦታ ላይ አስነካ። አንድ ነገር ልብ በል፣ መግቢያው ጃክ ስቴሪዮ ከሆነና የድንጋዩ ኔጌቲቭ በእሱ በኩል ከታሰረ የጊታር ገመድ ካልሰካህ ምንም ቮልት አታገኝም፣ ይሄ ብዙ ሰው ያደናገረ ነገር ነው፣ ገመዱን ሰክተህ ለካ።

ፓወሩ ካለ ወደ ትራንዚስተሮቹ እግር ሂድ፣ እያንዳንዱ ቤዝ፣ ኮሌክተርና ኢሚተር የሚባሉ ሶስት እግር አለው። የአንተ ፈዝ ፌስ የሚባለው ፔዳል ዓይነት ይመስለኛል (አርቢተር በ1966 ያወጣው፣ የድሮው ጀርማኒየም ነበር፣ አሁን የምንሰራው አብዛኛው ሲሊከን ነው)። ኤንፒኤን የሚባለው የሲሊከን ዓይነት ከሆነ የመጀመሪያው ቤዝ 0.6 አካባቢ፣ የመጀመሪያው ኮሌክተር 1.2 እስከ 1.5 አካባቢ፣ የሁለተኛው ኮሌክተር ደግሞ ከ4 እስከ 5 መሆን አለበት። ይሄ የመጨረሻው 3 ወይ 5 ተኩል ቢሆንም ድምፅ ይሰጥሃል፣ ቃናው ነው የሚለየው። ሙሉ 9 ከሆነ ግን ሁለተኛው ትራንዚስተር ጨርሶ እየሰራ አይደለም፣ ወደ 1 ከወረደ ደግሞ እዛ ኮሌክተር ላይ ያለውን ሬዚስተር እየው፣ በ8.2 ኪሎ ኦም ፋንታ 82 ኪሎ ገብቶ ይሆናል። 8.2 ኪሎ ግራጫ ቀይ ቀይ ነው፣ 82 ኪሎ ግራጫ ቀይ ብርቱካናማ፣ ማታ በደካማ አምፖል ቀይና ብርቱካናማ አንድ ነው የሚመስለው፣ ስለዚህ በቀለም አትመን፣ ከመበየድህ በፊት እያንዳንዱን በቴስተር ለካው።

የትራንዚስተር እግር ሌላው ነው። ጠፍጣፋው ፊቱ ወደ አንተ እግሩ ወደታች ሆኖ ስታየው ቢሲ 547 ከግራ ወደ ቀኝ ኮሌክተር ቤዝ ኢሚተር ነው፣ ቱ ኤን 3904 ደግሞ ኢሚተር ቤዝ ኮሌክተር። ሻጭ "ያው ነው" ብሎ አንዱን በአንዱ ፋንታ ቢሰጥህና ስዕሉን አይተህ ብትሰካው ተገልብጦ ይገባል፣ መሞቱ ግን ላይሆን ይችላል፣ አዙረህ ስትሰካው የሚነሳ አለ።

አሁን ከሁሉም በላይ የምወደው ነገር ልንገርህ፣ ይሄን ባውቅ ኖሮ ያን ሁሉ ሳምንት አላባክንም ነበር። አንድ የተበላሸ የጊታር ገመድ ፈልግና አንዱን ጫፉን ቁረጠው፣ ዙሪያውን ያለውን ሽቦ ፔዳሉ ግራውንድ ላይ እሰረው፣ መሃለኛው ላይ ባለ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር በይድበት፣ የቀረውን የካፓሲተር እግር እንደ መርፌ ያዘው፣ ሌላው ጫፍ አምፕ ውስጥ ይሰካ፣ ድምፁን በጣም ዝቅ አድርገህ። ካፓሲተሩ ዲሲውን ይይዛል፣ ሙዚቃው ብቻ ያልፋል። ጊታሩን የሚመታልህ ሰው ከሌለ እኔ እንደማደርገው ስልክ ላይ ትዝታ ምናምን ክፈትና ቀስ ባለ ድምፅ ወደ ፔዳሉ መግቢያ አስገባው። ከዛ በቃ ድምፁን ተከተለው፣ መግቢያው ጃክ ላይ አለ? ስዊቹን ሲያልፍስ? መጀመሪያው ካፓሲተር ከወዲህ አለ ከወዲያ የለም? እዛው ጋ ነው ችግሩ። የእኔን በመጨረሻ ያገኘሁት እንደዚህ ነው፣ ትዝታው ካፓሲተሩ ድረስ እየተሰማ መጥቶ ከዛ ወዲያ ጠፋ፣ እግሩን ዳግም ሳሞቀው ሽምብጥ ሰፈር ያለችው ክፍሌ በአንዴ በፈዝ ድምፅ ተሞላች፣ እስከ እኩለ ሌሊት አልተኛሁም። ይሄን መርፌ ግን በድንጋይ የሚሰራ ፔዳል ላይ ብቻ ተጠቀምበት፣ አምፕ ከፍተህ ውስጡን እንዳትነካካበት፣ እዛ 220 ቮልት አለ፣ የቲዩብ አምፕ ከሆነ ደግሞ ከሶኬት ተነቅሎም ሰው የሚገድል ቮልት ይይዛል።

ስትበይድ መዳቡንም እግሩንም አንድ ላይ አሙቅና ከዛ ሊዱን አስጠጋ እንጂ ሊዱን መበየጃው ጫፍ ላይ አቅልጠህ እንደ ማስቲሽ አትቀባ። ቬሮቦርድ ከሆነ በመስመሮቹ መሃል በቢላ ጫፍ ፈቅፈቅ አድርግ፣ የጸጉር ያህል ሊድ ሁለት መስመር ያገናኛል።

ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ከትተኸው ከሆነ ደግሞ አውጥተህ ጠረጴዛ ላይ ሞክረው። ሁለተኛው ፔዳሌ ጠረጴዛ ላይ እየጮኸ ሳጥን ውስጥ ሲገባ ጭጭ ይል ነበር፣ ምክንያቱ ምን መሰለህ፣ ገመዱ ሲሰካ የጃኩ ምላስ ወደ ውጭ ይገፋና የሳጥኑን ግድግዳ ይነካል፣ ሳትሰካ ብታየው ግን ክፍተት አለው። የቮሊየሙ ጀርባም ሰሌዳውን ሊነካ ይችላል፣ ኢንሱሌቲንግ ቴፕ ለጥፍበት።

አዳፕተርን በተመለከተ እስኪሰራልህ ድረስ በድንጋይ ብቻ ሞክር። ቤት ያለው የዋይፋይ ራውተር አዳፕተር 9 ቮልት ቢልም አብዛኛው መሃሉ ፕላስ ነው፣ ፔዳል ደግሞ በተለምዶ መሃሉ ኔጌቲቭ ነው፣ እኔ በዚህ ሁለት ትራንዚስተር ነው ያቃጠልኩት። በኋላ ፓወሩ መግቢያ ላይ 1ኤን4007 ዳዮድ፣ ነጭ መስመሯ ወደ ፕላስ ሆና፣ ወደ ግራውንድ እሰርበት፣ ተገልብጦ ቢሰካ ፔዳሉን ያድንልሃል።

አሁን የሁለቱን ትራንዚስተሮች የስድስቱንም እግር ቮልት ለክተህ ጻፍልን፣ ስማቸውንም ከላያቸው አንብበህ፣ የሰሌዳውን ፊትና ጀርባ በቀን ብርሃን ፎቶ አንስተህ ላክ። ባህር ዳር ካለህ ቅዳሜ ከሰዓት ፖሊ ካምፓስ አካባቢ ስለምሆን ይዘኸው ና፣ መርፌዋን ይዤ እመጣለሁ።