ለአንድ ቤት ኑዛዜ ምን ያደርጋል ብለሽ ለጠየቅሽው እህት

«አባቴ ጤናው እየደከመ ነው፤ ያለን አንድ ቤት ብቻ ነው። ኑዛዜ ይጻፍ ስል እናቴ ሟርተኛ አለችኝ። እውነት ለአንድ ቤት ኑዛዜ ያስፈልጋል?» ብለሽ የጻፍሽውን አይቼ ማለፍ አቃተኝ። ከስር «ሀብታም ይናዘዝ፣ ድሃ ምን አለው» የሚሉሽን አትስሚያቸው። ብዙ ያለው ሰው ልጆች አንዱ አንዱን ይዞ ይሄዳል። አንድ ቤት ግን ለአምስት ሰው አይቆረጥም፤ ካልተስማማችሁ በሐራጅ ይሸጥና ብሩን ትካፈላላችሁ፣ እናትሽም በስተርጅና ኪራይ ቤት ፍለጋ ይወጣሉ። ስለዚህ በቁጥር ላስቀምጥልሽ።

1. መጀመሪያ ለእናትሽ ይሄን ንገሪያቸው፦ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሚስት የባሏ ወራሽ አይደለችም። ከጋራ ሀብቱ ግማሹን ትወስዳለች፤ እሱም ድሮም የራሷ ስለሆነ እንጂ ወርሳ አይደለም። የአባትሽ ግማሽ ለልጆች ይሄዳል። ቤቱ ከጋብቻ በፊት አባትሽ ያፈሩት የግል ሀብት ከሆነማ፣ ኑዛዜ ከሌለ እናትሽ በውርስ ከቤቱ ላይ የሚያገኙት የለም። ሟርት ማለት ይሄ ነው።

2. ኑዛዜው ሳሎን ውስጥ አይጻፍ። እኛን የበላን ይሄ ነው። አባዬ ሰው አክባሪ ስለነበር የእድሩን ዳኛ፣ የንስሐ አባቱንና ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ቤት ጠርቶ ተናዘዘ። አራት ምስክር፣ ሙሉ። የጻፉት ዕድሜያቸውን በሙሉ ፍርድ ቤት በር ላይ ራፖር ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የእጅ ጽሑፋቸው የሚያምር፣ አንድ ስርዝ የሌለው። ከጓሮ ያሉትን ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች ለታናሽ እህቴ ሰጣት። ስኳሩን የምትለካለት፣ እግሩን የምታጥብለት፣ ሌሊት የምትነሳለት እሷ ነበረች። ማናችንም ቅር አላለንም።

ካረፈ በኋላ ኑዛዜውን ይዘን ፍርድ ቤት ስንቀርብ፣ አባዬ ከእማዬ በፊት የወለደው ወንድማችን ተቃውሞ አስገባ። ልጅ ነው፣ መብቱ ነው፣ በዚህ አልቀየምኩትም። ጠበቃው ግን ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ «መነበቡ የት ላይ ነው የተጻፈው?» በሕጉ ቁጥር 881 መሠረት እንዲህ ያለ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ ይሄ መፈጸሙና ቀኑም እዚያው ኑዛዜው ላይ መጠቀስ አለበት። ተነቧል እኮ! ቡና እያፈላሁ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ወረቀቱ ላይ ግን «ተነበበ» የሚል ቃል የለም። ምስክሮቹ በሕይወት አሉ፣ ይጠየቁ አልን። ዳኛዋ ጽሑፉ ላይ ካልሰፈረ ምስክር አይተካውም አሉ፤ ኑዛዜው ፈረሰ። የአባዬ ድርሻ ለልጆች በሙሉ እኩል ሆነ፤ ዓመታት ሙሉ ያስታመመችውም፣ ለበዓል ብቻ ብቅ የሚለውም እኩል።

3. ስለዚህ ውልና ማስረጃ ውሰዷቸው። እዚያ ባለሥልጣኑ ራሱ እንደ አንድ ምስክር ስለሚቆጠር፣ ሕጉ ሁለት ምስክር ይበቃል ይላል፤ አጻጻፉንም ያውቁታል። አባትሽ መንቀሳቀስ ካልቻሉ ቤት ድረስ ሠራተኛ ይላክልን ብለሽ ጠይቂ። ምስክሮቹ ከኑዛዜው ምንም የማይደርሳቸው ሰዎች ይሁኑ፤ አክስትሽንና አጎትሽን ተያቸው።

4. ስም። ካርታው ላይ ያለውን የአባትሽን ስም ከመታወቂያቸው ጋር አስተያዪ። የአባዬ ካርታ «ኃ/ማርያም» ይላል፣ መታወቂያው «ኃይለማርያም»፣ የባንክ ደብተሩ ደግሞ «ሀይለ ማሪያም»። ለእኔና ለአንቺ አንድ ሰው ነው፤ መስኮት ውስጥ ለተቀመጠው ሰውዬ ግን ሦስት ሟች ናቸው። ወረዳ የሞት ማስረጃ ልናወጣ ሄድን (እሱንም በ30 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ፣ ሐዘን ላይ ነን ብላችሁ አትቆዩ)። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን ወረቀቱን በእስክሪብቶው ጫፍ ገፋ አድርጎ መለሰልን። «ስሙ አይመሳሰልም።» ምን እናምጣ? «ሂዱና አስተካክሉ።» የት? ዝም። በሌላ ቀን ስንሄድ ሲስተም የለም፤ በሌላ ቀን ደግሞ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። እማዬ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ኮሪደር ላይ ቆማ፣ አንድ ወንበር የሚያቀርብላት ጠፋ። እኔ ደግሞ የዋዛ አይደለሁም። «አልሰጥም ያልክበትን ምክንያት በጽሑፍ ጻፍና ፈርምልኝ» አልኩት። ያን ጊዜ ቀና አለ። የሚያስፈልገውን ዝርዝር በዚያው ዕለት ሰጠኝ፤ አንድ ሰው መሆኑን በፍርድ ቤት አረጋግጠን ጨረስን። አባትሽ ግን በሕይወት ስላሉ ይሄንን ሁሉ ራሳቸው ቀርበው ማስተካከል ይችላሉ። ሟች ግን ቀርቦ «እኔ ነኝ» አይልም።

ቁጥሩን እዚህ ላይ ልተወው፣ የቀረውን እንደመጣልኝ ልጻፍ።

ውጭ አገር ያለ ወንድም ወይም እህት ካለሽ «የአባዬ ውክልና በእጄ ነው፣ አታስቡ» ይልሻል። ውክልና ሰጪው ሲሞት አብሮ ይሞታል። በሟች ውክልና ቤት ለመሸጥ፣ ገንዘብ ለማውጣት የሚሞክር ሰው ራሱን ወንጀል ውስጥ ነው የሚከተው።

በቃል ተናዘውልናል የሚባለውም ቤት አያሻግርም። በቃል ኑዛዜ ስለ ቀብር ሥነ ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ስላልደረሱ ልጆች አሳዳሪና ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው መናገር የሚቻለው፤ እሱም ተናዛዡ ከተናገረ 3 ወር በሕይወት ከቆየ ይፈርሳል። አባትሽ ራሴ በእጄ እጽፋለሁ ካሉ ደግሞ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ይበሉ፣ ሁሉም ገጽ ላይ ቀንና ፊርማ ያድርጉ፣ በ7 ዓመት ውስጥም ፍርድ ቤት ወይም ውልና ማስረጃ ይቀመጥ፤ አለዚያ ዋጋ የለውም። አንዱን ልጅ ከውርስ እነቅላለሁ ካሉም ምክንያቱን እዚያው ይጻፉ። በእኔ ግምት ግን ባይነቅሉ ይሻላል፤ የተነቀለ ልጅ ምንም የሚያጣው ስለሌለ እስከ ሰበር ይሄዳል።

የእኛ ቤት አልተሸጠም። ሽማግሌ አስገብቼ ያስማማሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አመስግኖኝ አያውቅም እንጂ። የወንድማችንን ድርሻ አስገመትን፣ እህቴ የእቁብ ዕጣዋን ከፈለች፣ የጎደለውን እኛ ሞላን፣ ክፍሎቹም በስሟ ሆኑ። አባቷ በነጻ የሰጣትን በገንዘቧ ገዛችው ማለት ነው። ያ ሁሉ የጠፋው «በተናዛዡና በምስክሮቹ ፊት ተነበበ» የሚል አንድ መስመር ባለመጻፉ ነው፤ እስካሁን ያናድደኛል።

አንቺ ካርታው በማን ስም እንደሆነ አልጻፍሽም። በአባትሽ ብቻ ነው ወይስ በሁለቱም? ቤቱ የተሠራው ከመጋባታቸው በፊት ነው ወይስ በኋላ? እሱን ጻፊልኝና የትኛውን ወረቀት አስቀድመሽ እንደምታወጪ እነግርሻለሁ። በውስጥ መስመር አትላኪልኝ፣ እዚሁ ጻፊው፤ ሌላውም ያንብበው።