የነሩዳ ኖታ እንዴት ተረፈ

ልጆች፣ ባለፈው ሰሞን አንዳችሁ «ጋሼ፣ እርስዎ በደህናው ጊዜ ስንት ድረስ ይወጡ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። የድምፁን ከፍታ ማለቱ ነው። ትራምፔት የያዘ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። እኔም በእናንተ ዕድሜ ሌላ ጥያቄ አልነበረኝም፣ ስለዚህ አልተቆጣሁም። ግን በአንድ ቃል የምመልሰው አልሆነልኝም። ቤት ገብቼ ይህችን ደብዳቤ ጀመርኩ። ትንሽ ትረዝም ይሆናል፤ ጡረታ የወጣ ሰው ጊዜ አለው።

ከእድር ጥሩምባ ልነሳ። ባንድ ልገባ ነው፣ ትራምፔት ልማር ነው ብዬ ለእናቴ የነገርኳት ቀን ፊቷ ጠቆረ። «ጥሩምባ? ማን ሞቶ ነው?» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። በእኛ ሰፈር ጥሩምባ ማለት ገና ጎህ ሳይቀድ በየመንገዱ የሚዞር መርዶ ነበር። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ሁለት ድምፅ ያሰማል፣ የሟቹን ስም ይጠራል፣ ደግሞ ሁለት ድምፅ ያሰማል፣ ወደ ቀጣዩ መንደር ያልፋል። ልጅ ሆኜ ብርድ ልብሴ ውስጥ ተጠቅልዬ «ይህ ሰውዬ ሌላ ዜማ አያውቅም እንዴ?» እል ነበር። ሰውዬው ምንም አላጠፋም። ሌላ ዜማ ያልነበረው ቧንቧው ነው።

ፒስተን፣ ማለትም በጣት የሚጫነው ቁልፍ፣ የሌለው ቧንቧ እናንተ የፈለጋችሁትን ድምፅ አይሰጥም፣ የሚሰጠው የራሱን ነው። ታች ላይ ድምፆቹ ተራርቀው ነው ያሉት። ዶ አለ፣ ከዚያ ዘልላችሁ ሶል፣ ከዚያ ላይኛው ዶ፣ ሚ፣ ሶል። በመካከላቸው ባዶ ነው፤ ብትነፉም ብትለምኑም አይመጣም። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ግን እየተጠጋጉ ይሄዳሉ። ከስምንተኛው ድምፅ ጀምሮ ዶ፣ ሬ፣ ሚ እያላችሁ እንደ ዘፋኝ ደረጃ በደረጃ መሄድ ትችላላችሁ። እዚያም ቢሆን ጣጣ አለ። 11ኛው ድምፅ ፋ ነው ሲሉት ይሾላል፣ ፋ ሻርፕ ነው ሲሉት ይጎድላል፣ በከንፈር ጎትቶ ወደ አንዱ ማምጣት የነፊው ዕዳ ነው።

ታዲያ በ1700ዎቹ የአውሮፓ ትራምፔተኛ ላይ ላይ የሚሄደው ለጉራ እንዳይመስላችሁ። ዜማ ያለው እዚያ ብቻ ስለሆነ ነው። በእጁ የያዘው ከ2 ሜትር በላይ የሆነ ባዶ ቧንቧ ነው። የእኛ ቢ ፍላት ትራምፔት ቢዘረጋ 1 ሜትር ተኩል አይሞላም፣ ያውም ሦስት ፒስተን ተጨምሮለት። ታች የሚነፋውና ላይ የሚነፋው ሰው የተለያየ ነበር፣ ከንፈሩንም የሚያሠለጥነው ለዚያው ለቦታው ነው። ሙያውም ለማንም አይሰጥም። የጀርመን ትራምፔተኞችና የነጋሪት መቺዎች ማኅበር ከ1623 ጀምሮ የንጉሠ ነገሥቱ መብት ወረቀት ነበረው፤ ከማኅበሩ ውጭ እንዲሁ ተነስቶ መንፋት ክልክል ነው። እኛም አገር መለከትና ነጋሪት የቤተ መንግሥት እንጂ የመንገድ አልነበሩም፣ ይህ እንግዳ አይሆንባችሁም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።)

አሁን ወደ ነሩዳ። ስልካችሁ ላይ «ነሩዳ» ብላችሁ ብትፈልጉ የሚመጣላችሁ የቺሊው ገጣሚ ነው። እሱ አይደለም። የገጣሚው ስም እንኳን የብዕር ስም ነው። የእኛው ሰውዬ ዮሐን ባፕቲስት ጌኦርግ ነሩዳ ይባላል። 1708 አካባቢ ቦሄሚያ ውስጥ፣ ማለትም በዛሬዋ ቼክ፣ ተወለደ። ልብ በሉ፣ ትራምፔተኛ አይደለም፣ ቫዮሊኒስት ነው። ፕራግ ውስጥ በቲያትር ኦርኬስትራ ሲሠራ ቆየ፤ ከዚያ ወደ ጀርመን ተሻግሮ ድሬስደን ገባ፣ መጀመሪያ በአንድ መኮንን መስፍን ቤት፣ ከ1750 ጀምሮ ደግሞ በቤተ መንግሥቱ ኦርኬስትራ። ሁለት ልጆቹም እዚያው ቫዮሊን ተጫወቱ። ሲምፎኒ ጻፈ፣ ኮንቸርቶ (አንድ ሰው ሶሎ ሆኖ ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወተው) ጻፈ፣ የቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ ጻፈ። ደመወዝተኛ ሰው ነው እንግዲህ። ጠዋት ይሄዳል፣ ይሠራል፣ ማታ ይመለሳል። በዚያ ከተማ ስሙ በየሰዉ አፍ የነበረው ሰው ሌላ ነው፤ የኦፔራው ጌታ ሃሴ።

እኔ ነሩዳን ያገኘሁት በደርግ ጊዜ ነው። አንድ ጓደኛችን ምሥራቅ ጀርመን ተምሮ ሲመለስ ሻንጣው ውስጥ ከካልሲዎቹ ጋር የነሩዳን የአንድ ኮንቸርቶ ኖታ ፎቶ ኮፒ ይዞ መጣ። ወረቀቱ ደብዝዟል፣ የአንዱ ገጽ ጠርዝ ተቆርጧል፤ ኖታ በማይገኝበት ዘመን ግን ወርቅ ነበር። በሳምንቱ ፒያኖ የሚችል ሰው ለምነን ተሰበሰብን። ኮንቸርቶው ሲጀምር ሶሎው ዝም ይላል፣ መንገዱን የሚጠርገው ኦርኬስትራው ነው። ፒያኒስቱ ያንን መግቢያ ይጫወታል፣ እኔ ባር (ኖታው የሚከፋፈልበትን) እየቆጠርኩ ከንፈሬን አርሳለሁ፣ ደረቴን ነፍቻለሁ፣ ጓደኞቼ ግድግዳ ተደግፈው ያዩኛል። ተራዬ ደረሰ። ገባሁ። ምን ልበላችሁ፣ በር ላይ የተጋጩ ሁለት መኪኖች በሉት። ፒያኒስቱ እጁን አንስቶ አየኝ። እኔ እሱን አየሁት። «ፒያኖው ነው የተበላሸው» አልኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሁለት ቀን ፈጅቶብን ነው የገባን። በእጄ የነበረው ለኢ ፍላት መሣሪያ የተጻፈ ወረቀት ነው። እኔ በቢ ፍላት ትራምፔት እንዳለ አነበብኩት፤ ያው ወረቀት በሌላ መሣሪያ ሲነፋ በሌላ ከፍታ ነው የሚወጣው። ፒያኖው በኢ ፍላት ይሄዳል፣ እኔ በቢ ፍላት። ከላይ ጥግ ላይ በትንሹ ተጽፎ ነበር፤ ማን አይቶት። ከዚያው አጠገብ ደግሞ «ኮርኖ ዳ ካቻ» የሚል አለ። ጓደኛችን ጣልያንኛውን ፈታልን፦ የአደን ቀንድ። ለካ ኮንቸርቶው ከመነሻው ለትራምፔት አልተጻፈም! ነሩዳ የጻፈው ፒስተን ለሌለው የአደን ሆርን ነው፣ ያውም ላይኛው ጫፍ ላይ፣ ያ ዶ፣ ሬ፣ ሚ የሚገኝበት ሰፈር።

ከዚያ በኋላ ዓለም ተቀየረ። እንደዚያ ላይ ወጥቶ የመንፋት ሙያ በእነነሩዳ ዘመን ማብቂያ ላይ ደከመ። አልተንቡርግ የሚባል የትራምፔተኛ ልጅ ሙያውን ከአባቱ ተምሮ ሥራ የሚሰጠው አጣ፤ በአንዲት ትንሽ ከተማ ኦርጋን እየተጫወተ ኖረ፣ እየጠፋ ስላለው ሙያ መጽሐፍ ጽፎ በ1795 አሳተመ። መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ፣ በ1796፣ ጆሴፍ ሃይድን ያን ሁላችሁም የምትጀምሩበትን ኮንቸርቶ ጻፈ፤ የጻፈለት ቫይዲንገር የሚባል የቪየና ትራምፔተኛ ነው፣ ቧንቧው ላይ ቀዳዳና ቁልፍ ያለው ትራምፔት የያዘ። እኛ የምንጫነው ዓይነት ቫልቭ ፓተንት ያገኘው ደግሞ በ1818 ነው። ትራምፔት ድምፁን ሁሉ ታች ላይም አገኘ። ድምፁን ሁሉ ለያዘ ትራምፔት የተጻፈ የቆየ ኮንቸርቶ ግን ብዙ አልነበረም፤ ሃይድን አለ፣ ሁመል አለ፣ ከዚያ ጣት መቁጠር ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነፊዎች የቆየ ወረቀት ሲያገላብጡ ፕራግ ላይ የነሩዳ ኖታ ተገኘ። ለሆርን ጣሪያ የነበረው ለትራምፔት መሃል ቤት ነው፣ ልክክ አለ። ዛሬ የእንግሊዟ አሊሰን ባልሶምም፣ የኖርዌይዋ ቲነ ቲንግ ሄልሴትም ከሃይድንና ከሁመል ጎን ቀድተውታል። የድሬስደኑ ሉድቪግ ጉትለር ደግሞ ትራምፔተኛ ሆኖ ሳለ ኮርኖ ዳ ካቻውን መልሶ ያነሳ ሰው ነው፣ ለእሱ ባርኔጣዬን አነሳለሁ።

እንግዲህ ስንት ድረስ ትወጣለህ ላላችሁኝ፦ ነሩዳ ውስጥ ብዙ መውጣት የለም። ለዚህ ነው ተማሪ የሚንቀው። መጀመሪያውን ክፍል ያራግፈዋል፣ መጨረሻውን ቪቫቼ ይሮጥበታል፣ መሃል ያለውን ላርጎ ይዘለዋል። እኔ ተማሪ ስቀበል የማስነፋው ላርጎውን ነው። ቀስ ያለ ነው፣ መሸሸጊያ የለውም። አየሩ የት እንዳለቀ፣ ማን እንደተኛ፣ ማን ጠዋት ረጅም ድምፅ እንደሠራ፣ ሁሉም እዚያ ይወጣል። ሜትሮኖም አጥፉና እየዘመራችሁ ጀምሩት። በአፋችሁ መዝፈን ያልቻላችሁትን በብረት አትችሉትም፤ ይህን እኔ ራሴ ዘግይቼ ነው የተማርኩት።

ሌላ ግን ልነግራችሁ የፈለግኩት አለ፤ ደብዳቤውን የጀመርኩትም ለእሱ ሳይሆን አይቀርም።

በ1760 ክረምት፣ በሰባት ዓመቱ ጦርነት፣ ፕሩሲያኖች ድሬስደንን በመድፍ ደበደቧት። ከተማው ነደደ። ያ ታላቁ ሃሴ የዕድሜ ልክ ሥራውን ሊያሳትም ሲያሰናዳ ነበር፤ ቤቱ ከእነ ወረቀቱ ተቃጠለ። ነሩዳም እዚያው ከተማ የሚኖር ሰው ነው። የእሱ ኮንቸርቶ ግን ቅጂው ከድሬስደን ውጭ ተገኘ። ማን ገለበጠው፣ ለማን ብሎ ያዘው፣ እንጃ። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ ቀለም ነክሮ፣ ባር በባር ገልብጦታል። የማን መሣሪያ እንደሆነ ጥጉ ላይ ጽፏል። እኔ ከ200 ዓመት በላይ ቆይቼ እሱን ሳላነብ ፒያኖውን ወነጀልኩ።

እናንተ ዛሬ ቅንብር ትሠራላችሁ፣ በስልክ ትቀዳላችሁ፣ ስልኩ ይሰረቃል ወይ ውሃ ይገባዋል፣ በቃ። ጻፉት። ስማችሁን ጻፉ፣ ቀን ጻፉ፣ የቢ ፍላት ይሁን የኢ ፍላት ጻፉ፣ ከዚያ አንዱን ቅጂ ሌላ ሰው ቤት አስቀምጡ። አሰልቺ ምክር ነው፣ አውቃለሁ። ልጄም ይህን ስላት ዓይኗን ታንከባልላለች።

እኔ በሥራ ዘመኔ ለነሐስ መሣሪያዎች ከሠላሳ የማያንስ ቅንብር ሠርቻለሁ። የአብዛኛውን ዋና ኖታ አልጻፍኩም፤ ጭንቅላቴ ውስጥ ነው እያልኩ ለየነፊው የየራሱን ወረቀት ብቻ አድል ነበር። ቢሮ ሲቀየር ቁም ሳጥኑ ተራገፈ፣ ወረቀቱ ወደ እሳት ይሂድ ወደ ቆሎ መጠቅለያ አላውቅም። ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የእኔ ነው። ባለፈው ዓመት ከክፍለ ሀገር አንድ ወጣት ደውሎ «ጋሼ፣ ያ በሠርጌ ጊዜ ያጫወታችሁት አለ ወይ?» አለኝ። አለ ብዬው ፈለግኩ። አንድ ቅጠል ብቻ አገኘሁ። ሁለተኛ ትራምፔት ይላል፣ በእኔው እጅ ጽሑፍ፣ ቀን የለውም። ሁለተኛ ትራምፔት እንደምታውቁት ዜማውን አይዝም፣ ሥር ሥሩን ነው የሚሄደው። በሦስተኛው መስመር ላይ ስምንት ባር ዕረፍት አለ። እዚያ ጋ ዜማውን ማን ይዞት እንደነበር ይኸው እስከ ዛሬ እያስታወስኩ ነው፤ አንዳንድ ማታ ትሮምቦኑ ይመስለኛል፣ አንዳንድ ማታ ደግሞ እኔው ራሴ።