የስላቭ ቋንቋዎችና ሥነ ጽሑፍ በዩኒቨርሲቲ፦ ጥያቄና መልስ

የስላቭ ቋንቋዎችን በሶፊያ አጥንቼ ሩሲያኛና ቡልጋርኛ ለረጅም ጊዜ አስተምሬአለሁ። ስለ ትምህርቱ የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ፤ ስለ ቪዛና ስለ ነፃ የትምህርት ዕድል ግን አልመልስም።

ጥያቄ፦ የስላቭ ቋንቋ ማጥናት ማለት ሩሲያኛ ማጥናት ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ፖላንድኛ፣ ቼክኛ፣ ሰርቢያኛ፣ ዩክሬንኛና ሌሎችም አሉ። ከማመልከትዎ በፊት የትኛው ቋንቋ ዋና ትምህርት እንደሚሆን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከሁሉ የሚከብደው ምንድን ነው? ስም በዐረፍተ ነገር ውስጥ እንዳለው ድርሻ መጨረሻው የሚለዋወጥባቸው ስድስቱ የሩሲያኛ የስም ቅርጾች ናቸው ይባላል።

መልስ፦ የስም ቅርጾቹ በሰንጠረዥ ተይዘው በልምምድ ይለመዳሉ። የሚከብደው ግሡ ነው። በሩሲያኛ ለአንድ ድርጊት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ግሦች አሉ፤ «ፒሳት»ም «ናፒሳት»ም መጻፍ ናቸው። የእኛ ተማሪ «ይጽፋል» እና «ጻፈ» ናቸው ብሎ ያልፋቸዋል፤ ይህ ከባድ ስሕተት ነው፤ ሩሲያኛ ሁለቱን በኃላፊ ጊዜም ይለያቸዋልና። «ፒሳል» ያለ ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ እንደ ነበር ነገረን እንጂ ስለ መጨረሱ ምንም አላለም፤ «ናፒሳል» ያለው ግን ጽፎ ጨርሶታል። ስለዚህ ማንኛውንም ግሥ ከጥንዱ ጋር ያጥኑ።

ጥያቄ፦ ትምህርቱ ጥሩ ነው?

መልስ፦ ለምን ዓላማ? እባክዎ ጥያቄዎን ለይተው ያቅርቡ።

ጥያቄ፦ ማንም የማይናገረው ጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን ስላቭኛ ለምን ግዴታ ይሆናል?

መልስ፦ ግእዝን የሚያውቅ አንባቢ ምክንያቱን ለመረዳት አይቸገርም። በ863 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የተሰሎንቄ ተወላጆቹ ወንድማማቾች ቄርሎስና መቶድየስ በዛሬዎቹ ቼክና ስሎቫኪያ አካባቢ ወደ ነበረችው ሞራቪያ ተልከው ቅዱሳት መጻሕፍትን ለስላቮች ወደዚሁ ስላቭኛ ተረጎሙ። ለዚህ ሥራ የተቀረጸው ፊደል ግላጎሊቲክ ነበር፤ ዛሬ በቄርሎስ ስም የሚጠራው ፊደል የተስፋፋው ከእርሱ ሞት በኋላ በቡልጋሪያ ነው። ያ የደቡብ ስላቮች ቋንቋ የሩሲያኛ ወላጅ ባይሆንም፣ ግእዝ ለአማርኛ እንዳደረገው ሁሉ፣ ለሩሲያኛ የከበሩ ቃላትን አውርሶታል። ከተማ በሩሲያኛ «ጎሮድ»፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቋንቋ «ግራድ» ነው፤ ኖቭጎሮድና ቮልጎግራድ የሚሉትን ስሞች ጎን ለጎን አድርጎ ያየ ሁለቱን ምንጮች ያገኛቸዋል። ይህን ያልተማረ ሰው የሩሲያው ባለቅኔ ፑሽኪን የዕለት ተዕለቱን ቃል ትቶ የመቅደሱን የመረጠበትን ምክንያት አይረዳም።

አንድ አባል፦ ፑሽኪንማ የእኛው ደም ነው!

ሌላ አባል፦ ቅድመ አያቱ ከዛሬዋ ካሜሩን አካባቢ እንደ ተወሰደ የሚናገሩ ተመራማሪዎች አሉ። በስሜት ባንፈርድ መልካም ነው።

የመጀመሪያው አባል፦ ከመረብ ማዶ ነው ያሉም ሊቃውንት ነበሩ፤ ለምን እንተወዋለን?

መልስ፦ የምትከራከሩበት ሰው የፑሽኪን እናት አያት የነበረው አብራም ጋኒባል ነው። ራሱ ባቀረበው ማመልከቻ የተወለደው «ላጎን» በምትባል ከተማ እንደ ሆነ ጽፏል፤ ክርክሩ የሚነሣው ይህች ስፍራ የት ናት በሚለው ነው። ፑሽኪን ስለ እርሱ በ1827 (እ.ኤ.አ.) ልብ ወለድ ጀምሮ ሳይጨርሰው ትቶታል። ያንን ጽሑፍ በሩሲያኛ አንብቡና ተመለሱ፤ አሁን ግን ወደ ትምህርቱ እንመለስ።

ጥያቄ፦ ሩሲያኛ ብቻ መማር አይበቃም?

መልስ፦ ይህን በመጀመሪያው ጥያቄ መልሼዋለሁ። እባካችሁ ከላይ ያለውን ሳታነቡ አትጠይቁ።

ጥያቄ፦ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት በራሴ ምን ልጀምር?

መልስ፦ ፊደሉን በአጭር ጊዜ ይለምዱታል። ከዚያ በኋላ በሩሲያኛ ቃል ውስጥ ድምፅ ጎልቶ የሚነገርበትን ክፍል ያስተውሉ፤ «ዛሞክ» መጀመሪያው ሲጎላ ግንብ፣ መጨረሻው ሲጎላ ቁልፍ (ጓጉንቸር) ነው፤ በተለመደው ጽሑፍ ግን ምልክት የለውም። እኛም «አለ» የሚለውን ጠብቆ ወይም ላልቶ መነበቡን ከዐውዱ እንለያለን፤ ስለዚህ ችግሩ አዲስ አይሆንብዎትም። ይህን ምልክት የሚያሳይ መዝገበ ቃላት ይግዙ፤ ግሦቹንም ሲጽፉ ከጥንዶቻቸው ጋር በአንድ መስመር ያስፍሯቸው።